ፍሬን በጓሮ አይነካም ያለው ማን ነው?

የአንድ አሮጌ ኮሮላ የፊት ፍሬን ይዞ አልለቅም ሲል በራያዋ ቆቦ ከተማ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ካሊፐሩ አልቆለታል፣ አስቀይረው፤ ደግሞ ፍሬን ነውና በጓሮ እንዳትነካካው።» ጎረቤትም ይህንኑ ይላል፣ ሾፌርም ይላል፣ ጋራዥም ይላል። ምክሩ በክፋት የሚሰጥ አይደለም። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚያወርደውን የግራ ካሕሱን ጥምዝምዝ አንድ ጊዜ እንኳ የወረደ ሰው ስለ ፍሬን ሲያወራ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምክሩ አንድ እውነትና አንድ ተረት አጣብቆ ነው የሚያቀርበው። እውነቱ ፍሬን ጥንቃቄ ይሻል የሚለው ነው። ተረቱ ደግሞ ጥንቃቄ የሚገኘው በጋራዥ ጣራ ሥር ብቻ ነው፣ የያዘ ካሊፐርም ከመጣል በቀር መላ የለውም የሚለው ነው።

የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከተረቱ ጋር ነው። በአሮጌ የቤት መኪና ላይ የያዘ ካሊፐር አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል። ጥገናውም ረጋ ብሎ መሥራት በሚችል ባለቤት እጅ፣ በገዛ ግቢው ሊሠራ ይችላል። እንዲያውም አዲስ ጎሚኒና አዲስ የፍሬን ዘይት ገብቶለት በጓሮ የታደሰ ካሊፐር፣ ታሪኩ ከማይታወቅ መኪና ተፈትቶ በጥድፊያ ከሚገጠም ካሊፐር የበለጠ ሊታመን ይገባዋል።

«አስቀይር» የሚሉት ሰዎች በምን እንደሚቀየር ብዙም አይናገሩም። ለሠላሳ ዓመት አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ካሊፐር በወረዳ ከተማ ሱቅ ማግኘት ዕድል ነው። ዕቃው ከደሴ ይታዘዛል፤ ደሴ ከታጣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከመርካቶ ይመጣል። መርካቶ ሲባል ደግሞ በአሮጌ መኪና ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሶማሌ ተራ ማለት ነው፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር። እዚያ የሚገኘው ካሊፐር ከተጋጨ ወይም ከተጣለ መኪና የተፈታ ነው። ከያዘው ካሊፐር ጋር አንድ ዕድሜ ነው ያለው፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒም እንደዚያው ያረጀ ነው። ፈትቶ ከመደርደሪያ ያወረደው ሰው ውስጡን ከፍቶ አላየውም፤ ገዢውም አያየውም። ላዩ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ፣ አንዳንዴም ቀለም ተቀብቶ፣ «ንጹሕ ዕቃ» ተብሎ ይሸጣል። ሰውየው በራሱ መኪና ላይ ያለውን፣ ሕመሙን የሚያውቀውን ካሊፐር ጥሎ የሰው መኪና ሕመም ገዝቶ መጣ ማለት ነው። ይህ እንዴት የደኅንነት ምክር እንደሚባል ለማስረዳት የሚደፍር ካለ መስማት ደስ ይላል።

የካሊፐርን ነገር እንደ ምሥጢር የሚያዩት ብዙዎች ውስጡን ስላላዩት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ በግፊት ይመጣና አንድ ባዶ ኩባያ የሚመስል ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ አንዱን ሸራ ዲስኩ ላይ ይለጥፈዋል። ካሊፐሩ ራሱ ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ እየተንሸራተተ ከማዶ ያለውን ሸራ ስቦ ያመጣዋል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለም። የሚመልሰው ፒስተኑን ዙሪያውን አቅፎ የያዘው ባለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒው አብሮ ይጎብጣል፣ ግፊቱ ሲቀር ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጥቂቱ ይስበዋል። የዚያች ጥቂት ርቀት መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ላይ ትንሽ ዝገት ከወጣ፣ ወይም ፒኖቹ ላይ ያለው ቅባት ደርቆ ከጠነከረ፣ ጎሚኒው የመሳብ አቅም ያጣል። ሸራው ዲስኩን እያሻሸ ይሄዳል፣ ቸርኬው ይግላል፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ነዳጅም ያለ ምክንያት ይበላል።

አብዛኛው የያዘ ካሊፐር ሕመም ከዚህ አያልፍም፦ ዝገት፣ የደረቀ ቅባት፣ ወይም የሞተ ጎሚኒ። ብረቱ ራሱ ማለትም የካሊፐሩ ቤት ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

የራያ ቆላ ይህን ሕመም የሚያፋጥን አገር ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለው ሜዳ በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየመሻገሪያው ደለል ያመጣል። የአቧራ መከላከያ ጎሚኒው የተቀደደ ካሊፐር ያንን ደለል ውሃ አንድ ክረምት ከጠጣ፣ በሚቀጥለው በጋ ፒስተኑ መያዙ አይቀርም። ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ የሚያወጣ ፒክአፕ ከመስኖ ጭቃ ወጥቶ ወዲያው አስፋልት ላይ ይበራል። ወደ ዞብል የሚወጣ መኪናም ሲመለስ ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ነው የሚወርደው። ታዲያ እዚህ አገር ካሊፐር በየሁለት ሦስት ዓመቱ ተከፍቶ መጽዳት ሲገባው፣ እስኪይዝ ተጠብቆ መጣሉ ልማድ ሆኗል።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ እንግባ። የጋራዥ ብቸኛ መብት ነው የሚባለው ሥራ በብዙ ቦታ እንዴት ይሠራል? የተፈታው ካሊፐር እንደ ማንኛውም ዕቃ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ይታጠባል። የፍሬን ጎሚኒ ግን የተሠራው የፍሬን ዘይትን እንዲችል ነው፤ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግሪስ ሲነካው ያብጣል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አንቆ ይይዛል። ፒኖቹም ላይ ለኩሽኔታ የሚሆነው ግሪስ ይለቀለቃል፣ የፒኑ ጎሚኒም ያብጣል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ፍሬኑ ያምራል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው እግር ተመልሶ ይይዛል፤ ያኔ «አልነገርንህም? ይኼ ካሊፐር አይጠገንም» ይባላል። ጥገናውን ያበላሸው እጅ ለማይጠገንነቱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ ጊዜ የያዘውን እግር የዘይት መስመር አፍኖ መኪናውን በሦስት እግር ፍሬን መልቀቅ እንደ መላ ይቆጠራል፤ «እስኪገኝ ድረስ» ይባላል። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ከጠቅላላው የማቆም ሥራ ሰባ በመቶ ያህሉን የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። አንዱን የፊት እግር ማፈን ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ፍሬን መቁረጥ ነው፤ በድንገት ሲረገጥም መኪናው ደህና ወደሆነው ጎን ይወረወራል። የቁልቁለቱን ሒሳብ እንሥራው። ኮረም ወደ 2500 ሜትር፣ አላማጣ ወደ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ያንን 1000 ሜትር ሲወርድ 20 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት መጣል አለበት። አየሩና የሞተሩ ማርሽ ከሚወስዱት የተረፈው ሁሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ጠቅላላው 60 ሊትር ያህል ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ይህን ሙቀት አራት እግር ተካፍሎ ሲሸከመው አንድ ነገር ነው፤ ሦስት እግር ሲሸከመው፣ ያውም ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ ሲለቀው፣ ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚፈቅድ አመለካከት በጓሮ ዝገት የሚጠርግ ሰውን «አደገኛ» ሊለው አይችልም።

ሌላው የ«አስቀይር» ምክር እንከን ምርመራ አለመኖሩ ነው። የያዘ እግር ሁሉ የካሊፐር ሕመም አይደለም። ከሻንሲው ወደ ካሊፐሩ የሚሄደው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ውስጡ ያብጣል ወይም ይላጣል። ያኔ በፔዳል ግፊት የገባውን ዘይት ያሳልፈዋል፣ ተመልሶ እንዲወጣ ግን አይለቀውም። ካሊፐሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እግሩ ይያዛል። መለያው ከባድ አይደለም። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ፣ ፔዳሉን ረግጦ ለቆ፣ ጎማው አልዞር ሲል የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ መክፈት ነው። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተፈታ ግፊቱ ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱ የቱቦው ወይም ከላይ ግፊቱን የሚፈጥረው የማስተር ነው። ብሎኑ ተከፍቶም ጎማው ካልላላ ጥፋቱ የካሊፐሩ ነው። ይህን የአንድ ደቂቃ ምርመራ ሳያደርጉ ካሊፐር ማስቀየር፣ ቱቦው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ሁለተኛ ካሊፐር ያስገዛል። በጓሮው የሚሠራ ባለቤት ደግሞ ጊዜ አለው፤ ከኋላው ተሰልፎ የሚጠብቅ ሌላ መኪና የለበትም።

እንግዲህ ጥገናው ምን ይመስላል? መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሻንሲው ሥር ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ይገባል፣ የተፈታው ጎማም ለክፉ ቀን ከሥር ይተኛል። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አይነፋም፤ በውሃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል። (ኮምፕረሰር ባለበት ጋራዥ ሁሉ መጀመሪያ የሚደረገው መንፋት መሆኑን ልብ ይሏል።) ካሊፐሩ ከፒኖቹ ሲላቀቅ በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ይታሰራል። የያዘው ፒን ከሆነ ሥራው ገና እዚህ ያልቃል፦ ፒኑ ወጥቶ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፣ ጉድጓዱ ይጠረጋል፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ተቀብቶ ይመለሳል።

የያዘው ፒስተኑ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ካሊፐሩን ከቱቦው ፈትተው ፒስተኑን በመጎተት ወይም ጎሚስታው ዘንድ ወስደው በአየር በማስወጣት ነው። በአየር ግፊት የሚወጣ ፒስተን ድንገት ይተኮሳል፤ ጣት ይሰብራል። ቱቦው ሳይፈታ የመኪናውን የራሱን ፔዳል ቀስ እያሉ በመርገጥ፣ ከፊቱ እንጨት አስገብቶ፣ ፒስተኑን በዘይቱ ግፊት እስከ ጫፍ መግፋት ይሻላል። ዘይት ሊፈናጠር ስለሚችል ዓይንን መጠበቅ፣ ከቀለም ላይም ቶሎ ማጠብ ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል። ፒስተኑ ሲወጣ እውነቱ ይገለጣል። የላይኛው ቅብ በጥፍር ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነና ዝገቱ ከጎሚኒው መስመር ውጭ ብቻ ከሆነ፣ ፒስተኑ ተጠርጎ ይመለሳል። ጎሚኒው የሚሄድበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ፒስተኑ በአዲስ ይቀየራል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁለቱም ጎሚኒዎች፣ የውስጡና የአቧራው፣ የግድ አዲስ መሆን አለባቸው። የጎሚኒው ቦይ በብረት ሳይሆን በሹል እንጨት ይጠረጋል፣ በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ይታጠባል። ፒስተኑ አዲስ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ብቻ፣ ሳይዘነብል ይገፋል። በመዶሻ የሚመታ ነገር ካለ አንድ ስሕተት ተሠርቷል።

ከዚያ አየር ማውጣት ነው። ግልጽ ቱቦ፣ ዘይት የያዘ ማሰሮ፣ ፔዳል የሚረግጥ አንድ ረዳት በቂ ነው። ብሎኑ ሲከፈት ይረገጣል፤ ከመለቀቁ በፊት ይዘጋል፤ አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ የላይኛው ዕቃ ዘይቱ እንዳያልቅበት ይታያል።

የተቃዋሚው ጠንካራ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ካልተሟላ፣ አየር ውስጥ ከቀረ፣ ቱቦው ተጠማዞ ከታሰረ፣ የተሳሳተ ዘይት ከገባ፣ ስሕተቱ ጓሮ ውስጥ አይቀርም፤ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ምንም ያላጠፋ ሰውም ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በዚህ አገር ስለ ፍሬን በቸልታ መጻፍ ኃጢአት ነው። ነጥቡ ግን የሚከራከረው ለጥንቃቄ እንጂ ለጋራዥ አይደለም። የተጠቀሱት ስሕተቶች ሁሉ ጋራዥ ውስጥም ይሠራሉ፤ የሚለየው ባለቤቱ አለማየቱ ብቻ ነው። ደግሞም አብዛኞቹ ስሕተቶች መንገድ ከመውጣት በፊት የሚያዙ ናቸው። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ አንድ ደቂቃ ሲያዝ ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ ነገር አለ። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር አለ። ተለቆ ጎማው በእጅ ሲዞር ካስቸገረ ሥራው አላለቀም። እነዚህን ካለፈ በኋላ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው ሜዳ፣ ቀጥ ባለው አስፋልት፣ መኪና በሌለበት ሰዓት በዝግታ እየነዱ ማቆም፤ መኪናው ወደ ጎን መሳብ አለመሳቡን ማየት፤ ወርዶ የቀኙንና የግራውን ቸርኬ ሙቀት ማወዳደር። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ግራ ካሕሱ ላይ የሚወጣ ሰው፣ ካሊፐሩን ማንም ይሥራው ማን፣ መንጃ ፈቃዱ ሊነጠቅ ይገባዋል።

ስለ ፍሬን ዘይትም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፤ ነገሩ ራሱን የቻለ ቅሌት ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አደጋ አንዱ መነሻ ይህ ነው፤ የተበጠሰ ነገር ሳይኖር። ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ጠርሙስ እየተቀነሰ የሚጨመር ዘይት ሰውን በቁልቁለት መካከል ጥሎት ይሄዳል። የጓሮ ጠጋኝ ግን ማሸጊያው ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ የተረፈውን ይደፋዋል። ይህች ትንሽ ልዩነት ከብዙ የምስክር ወረቀት ትበልጣለች።

ሙያውን ማሳነስ አይደለም። ጥሩ መካኒክ ጥሩ ነው፤ በየከተማው አሉ፣ ብዙዎቹም ሙያውን የለመዱት በልጅነት ከጌቶቻቸው ሥር በረዳትነት እንጂ ከኮሌጅ አይደለም። ያም ሆኖ እነሱ ከልምድ መማር ከቻሉ ሌላው የማይችልበት ምክንያት አይታይም። የራያ ገበሬ የናፍጣ ውሃ ፓምፕ ሞተር ማሳ ዳር ፈትቶ፣ ጎሚኒውን ቀይሮ፣ አስነሥቶ ቀይ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ማንም «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» ብሎ አያስቆመውም። ያው ሰው የመኪናውን ሁለት የካሊፐር ብሎን ሲፈታ ግን አገር ይጮኻል።

የሌላውን አገር ልምድ ለማየትም ያህል፣ በብሪታንያ ሰው የገዛ መኪናውን ፍሬን በቤቱ ቢጠግን ሕግ አይከለክለውም፤ የካሊፐር ጎሚኒና ፒስተን በጥቅል በየዕቃ መደብሩ ይሸጣል። ሕጉ የያዘው ሌላውን ጫፍ ነው። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ምርመራው ሲጀመር አሥር ዓመት ለሞላቸው መኪናዎች ነበር፣ አሁን ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነው። መርማሪው ፍሬኑን ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ እያንዳንዱ ጎማ ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። በኢትዮጵያም ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002። መኪናው በምርመራ የሚመዘን ከሆነ የጠጋኙ አድራሻ ምን ለውጥ ያመጣል?

መንግሥት ራሱ አሮጌ መኪና እንዲቆይ የሚያደርጉ ውሳኔዎችን ወስኗል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ከእንግዲህ አገር ውስጥ እንደማይገቡ አሳወቀ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ከነዚህ ውሳኔዎች መካከል በጎ ዓላማ ያላቸው አሉ። ድምር ውጤታቸው ግን አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ ማለት ነው። አሮጌ መኪና እንዲቆይ እየተደረገ አሮጌ መኪና መጠገን የተከለከለ ጥበብ ሊሆን አይችልም። ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ያልፋል የሚልም አይጠፋም። አያልፍም። ኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ማቆም በሞተሩ ስለሚሠራ ካሊፐሩ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ካሊፐር ደግሞ ይዝጋል። አዲስ አበባ ላይ የበዛው የቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬን ታምቡር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለቆቦ ሰው ደግሞ የተለየ ምክንያት አለ። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 በአካባቢው በነበረው ጦርነት፣ ከዚያም በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ፣ ከደሴም ሆነ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «አስቀይረው» ምክር አይደለም፤ ወይ መኪናው ይቆማል ወይ በሦስት እግር ይነዳል። ታማሚ ወደ ወልድያ ማድረስ ያለበት ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። አንድ ጥቅል ጎሚኒ ግን ከቁምጣ ኪስ አይበልጥም፤ ሰላም ባለ ጊዜ ተገዝቶ ሊቀመጥ ይችላል።

በጓሮ የማይነካውም መነገር አለበት፣ ሳይድበሰበስ። የአይሱዙ ጭነት መኪናና የአውቶቡስ ፍሬን ከዚህ ሙግት ውጭ ነው፤ አንዳንዱ በአየር የሚታገዝ ነው፣ የብዙ ሰው ሕይወትና ብዙ ቶን ጭነትም ያለበት ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና አየር ለማውጣት አንዳንዴ የኮምፒውተር መሣሪያ ይፈልጋል። የእጅ ፍሬን አብሮት የተሠራ የኋላ ካሊፐር ፒስተኑ እየተጠመዘዘ እንጂ በቀጥታ አይገፋም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አይጀምርበት። ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ፒስተን፣ የቀረጸው ሰው የቱንም ያህል እጀ ወርቅ ቢሆን፣ አይገጠም፤ ልኩ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ተመሳሳይ ይመስላል ተብሎ ከሌላ መኪና የተቆረጠ ጎሚኒም እንደዚያው።

ቀሪው ጥያቄ ለነጋዴውና ለመርማሪው ነው። ሙሉ ካሊፐር ከሚያስመጣ ነጋዴ ዘንድ ጎሚኒና ፒስተን ለብቻ በጥቅል ቢገኝ፣ የፍሬን ዘይት በትንንሽ የታሸገ ጠርሙስ ቢሸጥ፣ ገዢ አይጠፋም። የምርመራ ጣቢያዎችም ለቦሎ ብቻ በዓመት አንዴ ከሚጠብቁ፣ ፍሬኑን ጠግኖ የመጣ ባለቤት በአነስተኛ ክፍያ የፍሬን ልክ ብቻ አስለክቶ የሚወጣበትን አሠራር ቢጀምሩ መልካም ነው። የቀኙና የግራው ቁጥር ካልተቀራረበ መኪናው ወደ ጓሮው ይመለሳል፤ የሠራው ጋራዥ ከሆነም ወደ ጋራዡ።